የካሴቱ መሀል

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ትልቅስ ትልቅ ነው፣ እሱን አልክድም። ስሙ የወጣለት ግን በሥራው ነው። የእኔን ልብስ ስፌት ቤትና የሱን ካሴት ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለሁ ከግድግዳው ማዶ «ቀበቶው ላልቷል፣ ጠበቅ አድርጊው» ይለኛል። ዝቅ ብዬ ሳየው እውነትም ላልቷል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ያናድዳል። በቤቴ ማዛጋት እንኳ አልችልም ነበር።

ካሴት ቤቱ አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። በሦስት መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት ቴፖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የጋለ ፕላስቲክና ጥጥ የተነከረበት አልኮል ይሸታል። ከሁሉ የከፋችው ሰባተኛዋ ናት። ስትሠራ ከሥር እንደ ዝንብ እዝዝ ትላለች፤ ሲላት ደግሞ የካሴቱን ክር ጎትታ ትበላዋለች። «ለምን አትጥላትም?» ስለው «አንቺንስ ጥያለሁ?» ይለኛል።

በሥራው አንድ ደንብ ነበረው፤ የሱ ብቻ ሳይሆን የካሴት ቀጂዎች ሁሉ ደንብ ነው። አንድ ካሴት ተቀድቶ ሲያልቅ መጀመሪያውን ትንሽ ያዳምጣል፣ ከዚያ መጨረሻውን። ሁለቱ ጫፍ ጥርት ብሎ ከተሰማ መሀሉም ደህና ነው ማለት ነው። ቀን ሙሉ ሰው ሲዘፍን፣ ሲሰብክ፣ ሲያለቅስ የሚሰማ ቀጂ አብዶ ይቀራል። «መሀሉ የባለቤቱ ነው» ይል ነበር። ሲጨርስ በካሴቱ ጥግ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርግበታል፤ ነገ ተበላሸ ብሎ የሚመጣ ቢኖር የሱ ሥራ መሆኑን እንዲያውቅ። ቀለሙ የእኔ ነበር። ያኔ ጥፍር የምቀባበት ዕድሜ ነበረኝ፤ ብልቃጡን በሳምንት ይጨርስብኝና እጣላው ነበር።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው አራት ዓመት ሲሆነው ነው። እኔ ባል አግብቼ በዓመቱ ፈትቻለሁ፣ አልወለድኩም። ስለዚህ ልጁን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ የሱን ዩኒፎርም ያልሰፋሁበት ዓመት የለም። አክስቴ ይበለኝ እንጂ ልጄ ነው። የአባቱን ጆሮ አልወረሰም፤ የሱ ስጦታ አፉ ነበር። አንድ ጊዜ የሰማውን ቃል ሳያዛንፍ ይደግመዋል። የደንበኞቼን አነጋገር ከነአፋቸው አጣመም ሲያመጣልኝ መርፌ እስኪወጋኝ ድረስ እስቅ ነበር።

ባለሻንጣው የመጣው ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ነው። ስሙን ነግሮን አያውቅም፤ እኛም ከእጁ በማትለየው ቡናማ ሻንጣ ጠራነው። ከሩቅ አገር፣ ከተራራው ጦርነት የተመለሰ ነው ይባላል። እዚያ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች በአንድ ጉድጓድ ተኝተው፣ በአንድ ትሪ በልተው፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወንድማማች ሆነው ወደየቤታቸው ተበተኑ። ወደየቤታቸው የገቡ ግን ጥቂት ናቸው። ሌላው ሌላ ጦርነት ፍለጋ ሄደ። ባለሻንጣው የአንዱን ሰላምታ ለሌላው፣ የአንዱን አገር ስብከት ለሌላው አገር የሚያደርስ ሰው ነበር። ትሑት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። እኔንም «እኅቴ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጨዋ ሰው ብዬ ጃኬቱን በነፃ ጠግኜለታለሁ።

በወር አንድ ዋና ካሴት ያመጣል፣ ሁለት መቶ ተቀድቶለት ይወስዳል። ከነዚህ ሁሉ በብዛት የወጣው «የወላጆች ሐቅ» የሚለው ነው። መጀመሪያው ስለ እናት ዘጠኝ ወር ሸክም ነው። መጨረሻው ለአባትና ለእናት የሚደረግ ዱዓ ነው። ወንድሜ ሁለቱን ጫፍ ሰምቶ «እንዲህ ያለውን ነው ለልጆች ማሰማት» አለኝ። አንዱን ከነቀይ ነጥቡ ወስዶ በቤታችን መስኮት ላይ አኖረው።

አንድ ቀን የመስጊዳችን ኢማም ወደ ሱቁ መጡ። በሬ ክፍት ነበርና ሰማኋቸው።

«ልጄ፣ የምትቀዳውን ታውቀዋለህ?»

«ሼኬ፣ እርስዎም ይጠይቃሉ? ፖስተኛ ደብዳቤ ከፍቶ ያነባል እንዴ?»

«ፖስተኛ አንዱን ደብዳቤ ለአንድ ሰው ነው የሚያደርሰው» አሉት። «አንተ ግን ሁለት መቶ ታደርገዋለህ።»

ወንድሜ ሳቀ። ሽማግሌው ካሴት አይወዱም ብሎ አለፈው። እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ ምን ይደረግ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሲያወራ የኖረውን በመጨረሻ የሰማነው እኛ ነን። የአናጢው ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ። ከዚያ የነርሷ ወንድም። ሁለቱም ከመሄዳቸው በፊት ያዳምጡ የነበረው ከጆሮ ቤት የወጣ ካሴት ነው ተባለ። ባለሻንጣው በዚያው ሰሞን መምጣት አቆመ።

ልጃችን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሱሪውን እንዳሳጥርለት ሰጠኝ። «ለመቼ ነው?» ስለው «አትቸኩይ፣ አክስቴ» አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ። ያን ዕለት ወጥቶ አልተመለሰም። ትራሱ ሥር አንድ ወረቀት ነበር፤ «ወደ ወንድሞቼ ሄጃለሁ፣ አታልቅሱ» ይላል። አንድ ልጅ እኮ ነው፤ የምን ወንድሞች? ከወረቀቱ ሥር ካሴት አለ። ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ። የእኔ ቀለም።

ወንድሜ ካሴቱን ሱቅ ወስዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማ። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። የእናት ሸክም አለፈ። ከዚያ ያው ለስላሳ ድምፅ ሳይለወጥ፣ ሳይቸኩል ወደ ሌላ ነገር ገባ። አገርህ የተወለድክበት ሳይሆን የተጠራህበት ነው አለ። ለጂሃድ የተጠራ ልጅ ከአባቱ ፈቃድ አይጠይቅም አለ። የእናት እንባ ሰንሰለት ነው፣ በጥሰው አለ። የመንደር ስም ይጠራል፣ የዚህ አገር ሰማዕት፣ የዚያ አገር ሰማዕት እያለ፤ ግማሹን አገር ሰምተነውም አናውቅም። ከድምፁ ሥር ደግሞ እዝዝ የሚል ነገር አለ።

«ሰባተኛዋ ናት» አለ ወንድሜ። «በሰባተኛዋ ነው የቀዳሁት።»

  እኔም አሁን የማልደግመውን ሁሉ ተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ ከስልኩ አጠገብ አልተነሳም። የስልኩን ሽቦ ከአንዱ ቴፕ ጋር አገናኘው፤ ቢደውል ድምፁ እንዲቀር። ነጭ ካሴት ከትቶ ጠበቀ። ልጁን የሚመልስለት ነገር ቢኖር ያ ስልክ ብቻ ነበር፤ ያንን ሁለታችንም እናውቃለን።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ጮኸ። በግድግዳው ሰምቼ ሮጬ ገባሁ። ወንድሜ ቴፑን አስነስቷል። በአንድ እጁ መነጋገሪያውን ይዞ በሌላው ዝም እንድል ምልክት ሰጠኝ። «ደህና ነህ? የት ነህ? በልተሃል?» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ብቻ ሆነ። የልጁ ድምፅ ከሩቅ እንደ ሹክሹክታ ይመጣል፤ እኔ ቃሉን አልለይም። አራት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ተዘጋ።

«ወደብ ነው» አለኝ ዓይኑን ሳይከፍት። «የመርከብ ጡሩምባ ሰምቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከአጠገቡ ጄኔሬተር አለ። የባሕር ወፎችም ይጮኻሉ። ጡሩምባውን የለየሁት ልጁ ዝም ሲል ነው፤ ረጅም ዝም አለልኝ።»

«ምን አለህ? ልጁ ምን አለ?»

«ያው ካሴቱን ነው የሚደግመው። ቃል በቃል። አንዴ ከጀመረው በኋላ ቃሉን ትቼ ከኋላው ያለውን ነው የሰማሁት። እኔው ያባዛሁትን ነገር ምን እሰማዋለሁ?»

ወደቡ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ሄደ። በጆሮው ልጁን አገኘሁት ብሎ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም ተስፋ አደረግሁ። በዚያ ቀን በሰፈሩ ከእኔ የበለጠ በወንድሟ የኮራች ሴት አልነበረችም።

በማግስቱ ዳግመኛ ቢደውል ብዬ ሱቁ ውስጥ ስጠብቅ፣ ድምፁ ናፈቀኝና ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ አጫወትኩት። መጀመሪያው ሰላምታ ነው። ከዚያ እውነትም ስብከቱ፤ ያንን ለስላሳ ድምፅ ከነትንፋሹ አምጥቶታል፣ የእኛ ልጅ አይመስልም። አገርህ የተጠራህበት ነው፣ ፈቃድ አይጠየቅም፣ እንባ ሰንሰለት ነው። መሀል ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ። ሱሪዬን አሳጥሪልኝ ባለኝ ድምፅ።

«አባዬ፣ ና በለኝ። ና ካልከኝ እመጣለሁ።»

ከዚያ ዝም አለ። ይጠብቃል። ጡሩምባው ይሰማል፣ ወፎቹ ይሰማሉ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የወንድሜ ትንፋሽ አለ፤ ቃል ግን የለም። ጡሩምባውን እየለየ ነበር።

«እሺ» አለ ልጁ።

ከዚያ ስብከቱን ካቆመበት ቀጠለ፣ እስከ መጨረሻው። ተዘጋ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለሰው ስናገረውም ኖሬያለሁ።  ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፣ የምደውልበት የለም። ልጁም የደወለበት ቁጥር የለንም።

ወንድሜ በአምስተኛው ቀን እግሩ አብጦ ተመለሰ። ወደቡን በጆሮው አግኝቶታል፤ ጄኔሬተሩን፣ ስልክ የሚያስደውለውን ሱቅ፣ ልጆቹ ያደሩበትን ቤት ሁሉ። የቤቱ ባለቤት «ከስድስት አገር የመጡ ልጆች ነበሩ፣ ቋንቋቸው አይገናኝም፣ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ስብከት ያውቃሉ» አለው። እሱ በደረሰበት ቀን ጠዋት በጀልባ ተሻግረዋል።

«በግማሽ ቀን ነው የቀደሙኝ» አለኝ። «ግማሽ ቀን ብቻ።»

ግማሽ ቀን አልነበረም፤ አንዲት ቃል ነበረች። ፊቱን አየሁትና ሆድ ይፍጀው አልኩ። የስልኩን ካሴት አምጪ ሲለኝ «ላጫውተው ብዬ ሰባተኛዋ ውስጥ ከተትኩት፣ በላችው» አልኩት። ሰባተኛዋን ተሸክሞ አወጣና ጓሮ ወስዶ በመዶሻ ቀጠቀጣት። ካሴቱ በክር ሳጥኔ ሥር፣ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ባለሻንጣው በሌላ አገር ከተያዘ በኋላ መርማሪዎች መጡብን። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ካሴቶች ዘረገፈ። ሁሉም «የወላጆች ሐቅ» ናቸው። የወንድሜ ቀይ ነጥብ ያለባቸው አሉ። አረንጓዴ ነጥብ ያለባቸው አሉ፤ በሌላ አገር የተቀዱ። ጥጋቸው በምላጭ ጫር የተደረጉ አሉ፤ ከሌላ አህጉር። በቡናማው ሻንጣ ውስጥ የአራት አገር ቀጂዎች አድራሻ ተገኝቷል፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። መርማሪው ድምፁ ከአንድ አገር፣ ገንዘቡ ከሌላ አገር፣ ልጆቹ ከየትም እንደሚመጡ አስረዳን። ወንድሜ አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ሰውዬ ንጹሕ ሠራተኛ ነው» አለ። «እሱም መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰምቶ ይሆናል።»

ለዓመታት ያሰሩታል ብዬ ነበር። ወር ከአሥራ አምስት ቀን አቆይተው ለቀቁት። ሲወጣ ሥራውን ለወጠ፤ ከፈለጋችሁ ቅጣት በሉት። ቀይ ነጥብ ያለበትን ካሴት ከየቤቱ እየለመነ መሰብሰብ ጀመረ። በር ያንኳኳል፣ ወላጆችን ያስቀምጣል፣ መሀሉን ያሰማቸዋል። «ጫፉን አትመኑ፣ እኔ አምኜ ነው» ይላቸዋል። አናጢው በሩን ዘጋበት። ነርሷ ፊቱ ላይ ተፋች፣ ከዚያ አስገባችውና አብራው አለቀሰች። ኢማሙ እስኪሞቱ ድረስ ክንዱን ይዘው አብረውት ዞሩ፤ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» አላሉትም።

በየወሩ ከወጣው ሁለት መቶ ካሴት ስንቱ እንደተመለሰ እንጃ። ዓመታት ሲያልፉ ሰው ካሴት ማጫወቻ እንኳ አልነበረውም። ጎረምሶቹ ይስቁበት ነበር። አንዱ ስልኩን አውጥቶ አሳየው፤ ያው ድምፅ ነው፣ አሁን ምስልና ዜማ ተጨምሮለታል፤ ቀጂ አያስፈልገውም፣ በአንድ ንክኪ ለሺህ ሰው ይደርሳል። ወንድሜ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሰማ። «ይሄ ላይ የት ነው ነጥብ የምናደርገው?» ብሎ ጠየቀኝ ማታ እራት ላይ። 

ከልጁ ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነበር። መጀመሪያ በተራራው አገር አየነው አሉ። ከዚያ በበረሃው። የነበረበት ቡድን ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ስም ለወጠ፣ አንዱ ግማሽ ከሩቅ ላለ ሌላ ቡድን ቃለ መሐላ ፈጸመ ተባለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ወንድሜ አዲሱን ስም በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ልጁ የትኛው ሥር እንዳለ እንዳይጠፋበት። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን።

ባለፈው ዓመት የአናጢው ልጅ ተመለሰ። አንድ እግሩን አጥቷል፤ ጢሙ ሸብቷል፣ በሠላሳ ዓመቱ። ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ እኛ መጣ። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነገረን። ልጃችን ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ከቡድኑ ሊወጣ ሲል የራሱ ወንድሞች ናቸው የተኮሱበት። ምልክት በሌለው ሜዳ ነው የተቀበረው።

ዱዓ አደረግን፣ ለቀስተኛ ተቀበልን። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ ወንድሜ ወደ ስፌት ቤቴ መጣ። ጆሮው ደክሟል አሁን፤ የእኔን መኪና ቀበቶ ከተናገረ ዓመታት አልፈዋል። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ያንን ካሴት ስጪኝ» አለ።

«የቱን?»

«ሰባተኛዋ ክር ስትበላ እንዴት እንደምትጮኽ አውቃለሁ። አንቺም ስትዋሺ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ያኔ ያልጠየቅኩሽ ፈርቼ ነው። አሁን የምፈራው ነገር የለም። ድምፁን ብቻ ልስማ።»

ጋሼ፣ ተወው አልኩት። እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። የክር ሳጥኑን ገለበጥኩ።

ሱቁ ገብተን ከቀሩት ቴፖች አንዱን አጸዳ፣ ጥጡን በአልኮል ነክሮ፣ እንደ ድሮው። ካሴቱን ከተተ። ወንበሩን ስቦ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ሰላምታው መጣ። ስብከቱ መጣ። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ፣ እጄን ያዘው።

«አባዬ፣ ና በለኝ። ና ካልከኝ እመጣለሁ።»

ዝምታው ጀመረ። ጡሩምባው ጮኸ። ወንድሜ እጄን እንደያዘ አፉን ወደ ማጫወቻው አቀረበ።

«ና፣ ልጄ» አለ።

«እሺ» አለ ልጁ።

ወንድሜ ስብከቱ ከመቀጠሉ በፊት አጠፋው። ከዚያ ክሩን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰና እንደገና አስነሳው።